ለአሉሚኒየም፣ ለብረትና ለወይራ የሚበቃ ሲኤንሲ በራስ አቅም ለመሥራት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ከ40 በ40 የአሉሚኒየም ፕሮፋይል፣ ከ20 ሚሊሜትር ክብ ዘንግና ከ16 ሚሊሜትር ቦል ስክሪው (የሞተርን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጥ ባለ ጥርስ ዘንግ) የሥራ ስፋቱ 120 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ የመቁረጫ ማሽን ሠርቻለሁ። ሞተሮቹ ኔማ 23 የሚባለው መጠን ያላቸው በእርምጃ የሚዞሩ (ስቴፐር) ሞተሮች ናቸው፤ መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ስፒንድል 2.2 ኪሎዋት ነው። ዝግባና ኤምዲኤፍ ላይ ጥሩ ይሠራል። ወይራ ላይ ግን ጠርዙን ያሳርረዋል፤ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ እየጮኸ የሞገድ ምልክት ይተዋል። የጉዞ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 400 ሚሊሜትር ብቀንሰውም አልተሻለም። ሞተሮቹን በትልቁ መጠን በኔማ 34 ብትቀይራቸው ይስተካከላል ብለውኛል። ወደፊት 10 ሚሊሜትር ላሜራም መቁረጥ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ሞተሮቹን አይቀይሩ። ሞተር ጉልበት ሲያንሰው ምልክቱ ሌላ ነው፤ እርምጃ ይዘልላል፣ ሥራውም ከተጀመረበት ቦታ ሸሽቶ ይገኛል። እርስዎ የገለጹት ጩኸት፣ ሞገድና ማሳረር የሚመጣው የማሽኑ አካል በሚቆርጥበት ጊዜ ስለሚለመጥ ነው። በስሌትም ማየት ይቻላል። 16 ሚሊሜትር ቦል ስክሪው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ኔማ 23 ሞተር በሥራ ፍጥነት ላይ የሚቀረው ጉልበት 1 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ በሰበቃ የሚባክነው ተቀንሶ 1,100 ኒውተን ገደማ ይገፋል፤ ይህም ከ110 ኪሎግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ነው። በ6 ሚሊሜትር መቁረጫና በ2 ሚሊሜትር ጥልቀት አሉሚኒየም ሲቆረጥ በመቁረጫው ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን 100 ኒውተን አካባቢ ነው። ስለዚህ አሁን ያለዎት ሞተር ለሥራው ከበቂ በላይ ነው፤ ኔማ 34 ቢገጥሙለትም የሚለመጠውን አካል በበለጠ ጉልበት ከመግፋት ያለፈ የሚጨምረው ነገር የለም።

የጉዞ ፍጥነቱን መቀነስዎም ችግሩን አባብሶታል። ስፒንድሉን በደቂቃ በ24,000 ዙር እያሽከረከሩ፣ ባለ ሁለት ጥርስ መቁረጫ ይዘው፣ በደቂቃ 400 ሚሊሜትር ከሄዱ እያንዳንዱ ጥርስ የሚደርሰው ውፍረት 0.008 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀጭን ፍቅፋቂ ጥርሱ ሊቆርጠው አይችልም፤ ያሸዋል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለና ዘይት ያለው እንጨት በመሆኑ በሚታሽበት ቦታ ወዲያው ይጠቁራል። አሉሚኒየም ደግሞ ይለሰልስና ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። ለወይራ በ16,000 ዙር በየጥርሱ 0.06 ሚሊሜትር ብንይዝ ጉዞው በደቂቃ 1,900 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ለአሉሚኒየም በ12,000 ዙር በየጥርሱ 0.03 ሚሊሜትር ከያዝን 720 ሚሊሜትር እናገኛለን። ጥልቀቱን ይቀንሱ እንጂ የጥርሱን ድርሻ አይቀንሱበት። ይህ ማስተካከያ ወይራውን ከማሳረር ሊያድንልዎ ይችላል፤ አሉሚኒየሙ ላይ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ ዘንጎቹ ናቸው።

80 ሴንቲሜትር የሥራ ስፋት እንዲያገኙ በድልድዩ (ከጠረጴዛው በላይ ተጋድሞ ስፒንድሉን በሚይዘው አካል) ላይ ስፒንድሉን የተሸከሙት ሁለት ክብ ዘንጎች ከድጋፍ እስከ ድጋፍ 90 ሴንቲሜትር ያህል ነጻ ርዝመት ይኖራቸዋል። 100 ኒውተን መሃላቸው ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ተጋግዘው እንኳ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ይለመጣሉ። ጫፎቻቸው ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው ታስረዋል ብለን ብናስብ እንኳ፣ በተግባር የማይገኝ ቢሆንም፣ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች አይወርድም። አሁን ይህን ከፍቅፋቂው ውፍረት ጋር ያነጻጽሩት። ጥርሱ 0.03 ሚሊሜትር ሊቆርጥ ሲጠጋ ድልድዩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጥርሱ ሳይቆርጥ ያሻል፤ ግፊቱ ሲጠራቀም በድንገት ይነክስና ከታሰበው በላይ ያነሳል፤ ከዚያም ድልድዩ ተመልሶ ይወነጨፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥርስ ያለፈው የተወውን ወጣ ገባ ሲቆርጥ የፍቅፋቂው ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህም ንዝረቱን መልሶ ይመግበዋል። ጩኸቱ የዚህ ዑደት ድምፅ ነው፤ በሥራው ገጽ ላይ ያዩት ሞገድም አሻራው ነው። የስፒንድሉን ዙር አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ጩኸቱን ያስታግሳል፤ የአካሉን መለመጥ ግን አይነካውም።

በእነዚያ ዘንጎች ፋንታ 100 በ100፣ የግድግዳው ውፍረት 4 ሚሊሜትር የሆነ ተራ የብረት ቱቦላሬ በዚያው ርዝመት ላይ ቢቀመጥ፣ በዚያው 100 ኒውተን የሚለመጠው 0.003 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 150 እጥፍ ይሆናል። ይህ የሆነው ብረቱ የተለየ ስለሆነ አይደለም፤ ዘንጉም ብረት ነው። ለውጡን ያመጣው የቅርጹ ስፋት ነው። ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ ነጻው ርዝመት በግማሽ ሲያጥር መለመጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በቤት ውስጥ የሚሠራ ማሽን ላይ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከስፋትና ከማሳጠር ነው።

ቱቦላሬው ብቻውን 0.003 ሚሊሜትር ተለመጠ ማለት ግን ማሽኑ በሙሉ ያንን ያህል ብቻ ይለመጣል ማለት አይደለም። ከመቁረጫው ጫፍ ተነስቶ በኮሌቱ (መቁረጫውን ጨብጦ በሚይዘው ቀለበት)፣ በስፒንድሉ ኩሽኔታ፣ በስፒንድሉ ማቀፊያ፣ በቁመት ተንሸራታቹ፣ በሀዲዱ፣ በድልድዩ፣ በምሰሶዎቹ፣ በመሠረቱና በጠረጴዛው ዞሮ እስከ ሥራው የሚደርስ መንገድ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ተቀጣጥሎ እንደተንጠለጠለ ሞላ ነው፤ የሁሉም መለመጥ ይደመራል። ከሁሉ የላላው ክፍል ግማሹን ድምር ከያዘ ሌላውን በእጥፍ ማጠንከር የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙ ሰዎች ወፍራም መሠረት ሠርተው በላዩ ላይ ቀጭን የቁመት ተንሸራታች ይሰቅሉና ማሽኑ ለምን እንደሚጮህ ግራ ይገባቸዋል።

ስለዚህ አንዲት ብር ከማውጣትዎ በፊት አሁን ያለውን ማሽን ይለኩ። የሚያስፈልገው መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ዳያል ኢንዲኬተር ከነማግኔት መቆሚያውና አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ አግኝተው ቦታቸውን እንደያዙ፣ ስፒንድሉ ግን ከኤሌክትሪክ ተለያይቶ፣ መቆሚያውን ጠረጴዛው ላይ ያስሩና የኢንዲኬተሩን ጫፍ የኮሌቱ ዳዶ ላይ ያሳርፉ። ጠረጴዛው እንጨት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔቱ ስለማይዝ በላዩ ላይ ወፍራም ላሜራ በቡሎን ያስሩለት። ከዚያ ስፒንድሉን በሚዛኑ በኩል በ10 ኪሎግራም ወደ ጎን ይሳቡና መርፌው የት እንደደረሰ ይጻፉ፤ ወደ ፊትና ወደ ላይም እንዲሁ ያድርጉ። የሳቡበት ኃይል 98 ኒውተን ያህል ስለሆነ ውጤቱ ከላይ ከጠቀስኩት የመቁረጥ ኃይል ጋር በቀጥታ ይነጻጸራል። በእኔ ሚዛን ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከተለመጠ ማሽኑ የለስላሳ እንጨት ማሽን ነው። 0.02 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ አሉሚኒየምንና ወይራን በወጉ ይቆርጣል። ከ0.01 በታች ከወረደ ብረትን በቀጭን በቀጭኑ መቁረጥ ይቻላል።

ቀጥሎ ኢንዲኬተሩን በመንገዱ ላይ እያዘዋወሩ መለመጡ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉ። በየቦታው በዚያው 10 ኪሎግራም እየሳቡ መጀመሪያ ስፒንድሉን ከቁመት ተንሸራታቹ አንጻር፣ ከዚያ የድልድዩን መሃል ከጠረጴዛው አንጻር፣ ቀጥሎም የምሰሶውን ራስ ይለኩ። የድልድዩን የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ለየብቻ ያንብቡ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድልድዩ ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ ይነግርዎታል። መቁረጫው ከድልድዩ በታች ወርዶ ስለሚሠራ ይህ መጠማዘዝ በጫፉ ላይ ተባዝቶ ይታያል። ኃይሉን ሲለቁ መርፌው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ደግሞ መጋጠሚያ እየተንሸራተተ ነው፤ ወይም ስክሪው ላይ ክፍተት አለ። በአሉሚኒየም ፕሮፋይል የተገጣጠሙ ማሽኖች ላይ ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው፤ የማዕዘን መያዣዎቹ በጥቂት ቡሎን ሰበቃ ብቻ ስለሚይዙ ከፕሮፋይሉ ቀድመው መጋጠሚያዎቹ ይሸነፋሉ።

ስለ ቁሳቁስ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች በተደጋጋሚ ይሰማሉ። አንደኛው «ጠንካራ» የሚባል ውድ ብረት ከተራው ብረት ያነሰ ይለመጣል የሚለው ነው። አይለመጥም ያሉት ውድ ብረት ከመሰበሩ ወይም ጎብጦ ከመቅረቱ በፊት ብዙ ይሸከማል እንጂ በተመሳሳይ ጭነት የሚለመጠው ከተራው ብረት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ለዓይነቱ ሳይሆን ለስፋቱና ለግድግዳው ውፍረት ያውሉት። አሉሚኒየም ግን በእርግጥ ይለያል፤ በተመሳሳይ ቅርጽ ከብረት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይለመጣል። ሁለተኛው ግምት ቱቦላሬውን በሲሚንቶ መሙላት ግትር ያደርገዋል የሚለው ነው። መሙላት በዋናነት የሚጠቅመው ንዝረትን ለመዋጥ ነው። ሲሚንቶ ሲደርቅ እየጠበበ ከብረቱ ግድግዳ ሊላቀቅ ስለሚችል የደረቀ አሸዋ፣ ወይም አቅም ካለ ጠጠርና አሸዋ በኢፖክሲ ተለውሶ ቢሞላ ይሻላል። ይህ ግን የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብየዳውና ልሙጥ ማድረጉ ሳያልቅ አይሞሉት።

የማሽኑን አቀማመጥ በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው፤ 120 በ80 ሴንቲሜትር እያሉ አሉሚኒየምንና ብረትን አብረው አይመኙ። የሥራ ስፋቱን ወደ 40 በ30 ሴንቲሜትር ያውርዱ። ድልድዩ ከመሠረቱ ጋር ተያይዞ የማይንቀሳቀስ፣ የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛው የሆነ ማሽን ይሥሩ። ድልድዩ ሲቆም በወፍራም ምሰሶና በኋላ ድጋፍ እንደ ልብ ማጠንከር ይቻላል፤ ክብደቱም ሞተሩን አያሳስበውም። ዋጋው ጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት ቦታ መፈለጉ ሲሆን፣ መሠረቱ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለድልድዩ 120 በ120፣ ግድግዳው ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። በጠረጴዛውና በድልድዩ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሴንቲሜትር አይብለጥ፤ ክፍተቱ በጨመረ ቁጥር ስፒንድሉ ይበልጥ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ድካምዎ ሁሉ እዚያ ላይ ይባክናል። ክብ ዘንጎቹን ትተው በሦስቱም አቅጣጫ ባለ 20 ሚሊሜትር ካሬ ሊኒየር ሀዲድ ይጠቀሙ። ይህ ሀዲድ በሙሉ ርዝመቱ ተደግፎ በየ60 ሚሊሜትሩ በቡሎን ስለሚታሰር ራሱን ችሎ እንዲሸከም አይገደድም። በድልድዩ ላይ ሁለቱን ሀዲዶች በተቻለ መጠን አራርቀው፣ አንዱን ከላይኛው ጠርዝ ሌላውን ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ያስቀምጡ።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሀዲዱ የሚያርፍበት ገጽ ነው። የቱቦላሬ ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ልሙጥ አይደለም፤ ብየዳ ሲያርፍበት ደግሞ ይጣመማል። በተጣመመ ገጽ ላይ የታሰረ ሀዲድ ራሱም ይጣመማል፤ ተንሸራታች ብሎኮቹ በአንዱ ቦታ ይጠብቃሉ፣ በሌላው ይላላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ሀዲዱ በሚቀመጥበት መስመር ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበይዱ። ብየዳውን በአንድ ወገን ከመጨረስ ይልቅ አጫጭር እያደረጉ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይሥሩ። ሙሉ አካሉ ተበይዶ ካለቀ በኋላ እቶን የሚያገኙ ከሆነ ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ እዚያው እቶኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ብየዳው የተወውን ውጥረት ያወጣዋል። ይህ ሳይደረግ ልሙጥ የተደረገ አካል ከጊዜ በኋላ ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ለ40 ሴንቲሜትር ማሽን ግን ያለ እቶንም የሚያሠራ ውጤት ይገኛል።

ከዚያ ትልቅ ፍሬዛ (ብረት የሚልግ ማሽን) ያለው የማሽን ሥራ ቤት ወስደው የሀዲዶቹን መቀመጫዎች በሙሉ በአንድ አስተሳሰር ልሙጥ ያስደርጉ። አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ፣ ወይም አንዱን ፈትቶ ሌላውን አስሮ ልሙጥ ማድረግ ትይዩነታቸውን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ይህን ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት፤ አካሉንም ሲነድፉ የፍሬዛው ጠረጴዛ የሚችለውን መጠን ጠይቀው ይንደፉት። ፍሬዛ የማይገኝ ከሆነ በሁለቱ መቀመጫዎች ዙሪያ ግድብ ሠርተው፣ ግድቦቹን በቦይ አገናኝተው፣ ቀጭንና በራሱ የሚንጣለል ኢፖክሲ ማፍሰስ ይቻላል። ፈሳሹ በቦዩ ስለሚገናኝ ሁለቱም መቀመጫ በአንድ ከፍታ ይደርቃል። በሀዲድ መትከል ሥራ ላይ ደግሞ መጀመሪያ አንዱን ሀዲድ ብቻ ቀጥ አድርገው ያስሩ፤ ሁለተኛውን ግን ኢንዲኬተሩን በመጀመሪያው ብሎክ ላይ አስረው፣ ጫፉን በሁለተኛው ሀዲድ ጎን ላይ እየጎተቱ፣ ንባቡ ከዳር እስከ ዳር እስኪስተካከል ድረስ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ያጥብቁ። ይህ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ማሽኑ የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

መቁረጫው ራሱም ይለመጣል። 6 ሚሊሜትር የካርባይድ (እጅግ ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) መቁረጫ ከኮሌቱ 25 ሚሊሜትር ወጥቶ 100 ኒውተን ሲያርፍበት ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ ይሸሻል፤ 40 ሚሊሜትር ሲወጣ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከሚቆርጡት ጥልቀት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ርዝመት ያውጡ፤ ለብረታ ብረትም ከካርባይድ በቀር አይጠቀሙ።

ቦል ስክሪዎቹን ያቆዩአቸው። በአንድ ጫፋቸው ወደፊትና ወደኋላ እንዳይላወሱ የሚይዝ ጥንድ ኩሽኔታ መኖሩን ግን ያረጋግጡ። የስክሪውን ክፍተት ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥር በማስገባት ማካካስ ይቻላል የሚለው አስተያየት ለመቁረጥ ሥራ አይበጅም፤ መቁረጫው ራሱ ሥራውን ሲጎትተው ክፍተቱ በፈለገው ጊዜ ስለሚከፈት ፕሮግራሙ ሊያውቀው አይችልም።

ስፒንድሉን በተመለከተ ማወቅ የሚገባዎት ገደብ አለ። 2.2 ኪሎዋት የሚሰጠው በ24,000 ዙር ላይ ነው፤ ዙሩ ሲቀንስ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል። ብረትን በ6 ሚሊሜትር ካርባይድ በደቂቃ 100 ሜትር የመቁረጥ ፍጥነት ለመቁረጥ 5,300 ዙር ያህል ያስፈልጋል፤ በዚያ ዙር የሚቀርልዎ ግማሽ ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ብረት ደግሞ ለተመሳሳይ ፍቅፋቂ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። የስፒንድሉን ኢንቨርተር (ዙሩን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሪክ ሣጥን) ሲያስተካክሉም ይጠንቀቁ። ስፒንድሉ ለ400 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ ኢንቨርተሩ ላይ መነሻው ድግግሞሽ 400 መሆን አለበት፤ ከፋብሪካ እንደመጣ 50 ላይ ከተተወ ሙሉው ቮልቴጅ በዝቅተኛ ዙር ላይ ስለሚደርስ ጥቅልሉ ይቃጠላል። የኢንቨርተሩንና የማሽኑን አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኙ። ኢንቨርተሩን ለመክፈት ካስፈለገ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው መመሪያው የሚያዘውን ያህል ይጠብቁ፤ ኮንደንሰሮቹ ከጠፋ በኋላም ገዳይ ኃይል ይይዛሉ። ድንገተኛ ማቆሚያው እጅዎ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ የወይራ ብናኝ በሚነሳበት ቦታም ያለ መነጽርና ያለ አፍ መሸፈኛ አይሥሩ።

እንግዲህ ለኔማ 34 ያሰቡትን ገንዘብ በቱቦላሬ፣ በካሬ ሀዲድና በፍሬዛ ሥራ ላይ ያውሉት። ሞተሮችዎ፣ ስክሪዎችዎና ስፒንድልዎ ወደ አዲሱ አካል ይዛወራሉ፤ ስክሪዎቹ ለአዲሱ መጠን ስለሚረዝሙ ጫፋቸውን በቶርኖ አሳጥረው እንደገና ያስጨርሷቸው። ለበርና ለጠረጴዛ ገጽ የሚሆን ሰፊ የዝግባና የኤምዲኤፍ ሥራ ካለዎት ሌላ ቀላል ማሽን ለብቻው በፕሮፋይሎቹ ሊሠራ ይችላል። 10 ሚሊሜትር ላሜራውን ግን ከዚህ ዕቅድ ያውጡት። ቅርጽ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ፕላዝማ ያለው ሥራ ቤት በደቂቃዎች ይጨርስልዎታል፤ ብረት የዘወትር ሥራዎ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ያገለገለ ፍሬዛ ገዝተው ቦል ስክሪውና ሞተር ቢገጥሙለት ይሻላል፤ በቤት ከሚበየድ ከማንኛውም አካል የተሻለ የብረት ቀረጣ መሠረት ያገኛሉ። አዲሱ ማሽን ሲቆም የመጀመሪያው ሥራው አሉሚኒየም አይሁን፤ ስፒንድሉ ሳይበራ በዚያው በ10 ኪሎግራሙ ሚዛን ይለኩት፤ ንባቡ ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ ከሆነም መለመጡ የተጠራቀመበትን መጋጠሚያ አግኝተው ሳያስተካክሉ መቁረጥ አይጀምሩ።